አድማጩን ሽቦ ያቃናሁበት ክረምት

ሥራ የጀመርኩት በጣሊያን ጊዜ፣ ኮልፌ ዳገት ላይ በነበረ የወታደር ስልክ መጠገኛ ውስጥ ነው። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። የቀጠሩኝ ጥልፍ ስለማውቅ እንጂ ስልክ ስለማውቅ አይደለም፤ ስልክ በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። ለጠላት መሥራት ያሳፍራል፣ እኔንም አሳፍሮኛል። ግን አባቴ ታሞ ተኝቶ ነበር፤ ከቤታችን ሥራ የሚይዝ ደህና እጅ የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም። የት ተማርሽ እያላችሁ ስትጠይቁኝ የኖራችሁ ወጣት ባልደረቦቼ እውነቱን እንድታውቁት ነው።

መጠገኛው ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነበር። በአንድ ወገን ወንዶቹ የስልኩን ሣጥን ይፈታሉ፣ በሌላው ወገን እኛ አምስት ሴቶች ቦቢና እንጠመጥማለን። ቦቢና ማለት በብረት ዘንግ ላይ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ዘንጉ ማግኔት ይሆንና የስልኩን ደወል ያስመታል። ሽቦው ቫርኒሽ የተቀባ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ከተላጠ ሙሉ ቦቢናው አይረባም።

የበላያችን ካቦ ብሩኖ ይባል ነበር። ሲናደድ አይጮህም። ኪሱ ውስጥ በሰንሰለት የታሰረች ትንሽ ኮምፓስ ነበረችው። የጨረስነውን ቦቢና ከባትሪ ጋር ያገናኝና ኮምፓሷን ያስጠጋል። መርፌዋ በትክክል ከዞረች ቦቢናውን ሣጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከዋለለች ጉጠቱን አንሥቶ ከመሃሉ ይቆርጠዋል።

በመጀመሪያው ቀን የእኔን ቆረጠው። ሽቦው ተበጥሶብኝ ስቀጥለው ሳላውቀው ወደ ግራ መጠምጠም ጀምሬ ነበር። ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ከዞረ ማግኔቱ እርስ በርሱ ይጣላና ምንም ኃይል አይተርፍም። ካቦው የተቆረጠውን ቦቢና ከመቀመጫዬ ፊት ለፊት በምስማር ሰቀለው። አማርኛው ስብርብር ያለ ነበር፣ አንዲት ነገር ግን አጥርቶ መናገር ይችላል።

«ሽቦ ወደ ኋላ አይመለስም» አለኝ።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ ግን አንድም ቦቢና አልተቆረጠብኝም። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሌሎቹ ሴቶች ሽቦ ሲበጠስባቸው ካቦው ሳያይ በጉርዳቸው ሸፍነው ወደ እኔ ያመጡት ጀመር። እኔም እጄ እየጠመጠመ ዓይኔ በሩን ይጠብቃል። ሰውየው ጠላት ነበር፤ ያስተማረኝ ነገር ግን ትክክል ነበር። ሁለቱንም ማለት እችላለሁ።

ጣሊያን ሲወጣ መጠገኛው በመንግሥት እጅ ገባና እኔም ከነጉጠቴ አብሬ ተዛወርኩ። ማዕረጌ «ረዳት» ነበር። ከዓመት ዓመት ረዳት ሆኜ ቀረሁ። እኔ ሽቦ መቀጠል ያስተማርኳቸው ወንዶች ቴክኒሻን ሆኑ፣ ከዚያም አለቆቼ ሆኑ። ዕድገት ስጠይቅ የሠራተኛ ክፍሉ ሹም ሰርቲፊኬት የለሽም አሉኝና «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለው ተረቱብኝ። እኔ እየጠመጠምኩ ነው የተማርኩት ብዬ መለስኩላቸው። ሰርቲፊኬቱንስ ማን ይፈርምልኝ ኖሯል፣ ካቦ ብሩኖ?

አቶ ይልማ የመጡት እኔ አርባ አምስት ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ወጣት መሐንዲስ ነበሩ፤ በሌላ መሥሪያ ቤት አዲስ የገባውን ኮምፒዩተር ይመሩ ነበር። ቁጥር በቀዳዳ የሚጻፍባቸውን ካርዶች የሚበሳው መሣሪያ ማግኔቶች እየተቃጠሉ አስቸግረዋቸው የሚጠመጥም ሰው ሲፈልጉ ስሜን ነገሯቸው። አንዱን የተቃጠለ ማግኔት ይዘው ኮልፌ ድረስ መጡ። ቆመው እያዩኝ ጠመጠምኩላቸው። በሳምንቱ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ። እዚያም ረዳት ነኝ።

ማሽኑ የሰባት ቁም ሣጥን ያህል ነበር። አንድ ሰፊ አዳራሽ ሞልቶ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ይውላል። የእኔ ቦታ ጥግ ላይ ነበር፤ ብየዳ፣ ገመድና ማግኔት የእኔ ሥራ ነው። ማሽኑ የሚያስታውሰውን ቁጥር ሁሉ ወደሚይዝበት፣ ማስታወሻ ወደሚባለው ሣጥን እንድጠጋ አይፈቀድልኝም ነበር። እሱን የሚከፍተው ማሽኑን ከሸጠልን ኩባንያ ተልኮ የመጣው ሚስተር ራልፍ ብቻ ነው፤ ቁልፉም አንገቱ ላይ ነበር።

የእናንተ ማስታወሻ ዛሬ በጣት ጥፍር ላይ ያድራል። የዚያን ጊዜው በዓይን የሚታይ ነበር። የዳጉሳ ፍሬ የምታክል፣ መሃሏ የተበሳ ጥቁር ቀለበት አስቡ። ከብረት ዝገት ተፈጭታ፣ ተጋግራ በእሳት የጠነከረች ናት። በመሃሏ በሚያልፈው ሽቦ ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ሲሄድ ማግኔት ትሆንና «አንድ» ትይዛለች፤ በሌላው አቅጣጫ ሲሄድ ትገለበጥና «ዜሮ» ትይዛለች። መብራት ቢጠፋ እንኳ የያዘችውን አትለቅም።

ቀለበቶቹ በሰሌዳ ላይ በረድፍ ይደረደራሉ። በቁመት የሚያልፉትን ሽቦዎች ድር፣ በወርድ የሚያልፉትን ማግ እላቸው ነበር፤ አቶ ይልማም ስሙን ወደዱት። እያንዳንዱ ሽቦ ግማሽ ኃይል ብቻ ይዞ ይመጣል፣ ግማሽ ኃይል ደግሞ ቀለበት አይገለብጥም። ድርና ማጉ የተገናኙባት ቀለበት ብቻ ሙሉውን ታገኝና ትገለበጣለች። አንድ እጅ አያጨበጭብም የሚባለው ነው። ሰሌዳው በአራት ሩብ የተከፈለ ነው፤ ሦስተኛው ሽቦ በየሩቡ ባሉት ቀለበቶች ሁሉ ውስጥ እየዞረ የትኛዋ እንደተገለበጠች ያዳምጣል፤ እሱን አድማጩ አልነው። አራተኛም ሽቦ ነበረ፣ ለዚህ ወሬ ስለማያስፈልግ ልተወው።

አንድ ጉድ ልጨምር። ይህ ማስታወሻ ሲያነብ ያጠፋል። ቀለበቷ ምን እንደያዘች የሚያውቀው ወደ ዜሮ ገፍቷት ነው፤ ከተገለበጠች አንድ ነበረች ማለት ነው። ስለዚህ ያነበበውን በቅጽበት መልሶ ይጽፈዋል። አቶ ይልማ ይህን ሲያስረዱኝ ሳቅኩ። የሰፈራችን ወሬም እንዲሁ ነው፣ የሰማው ሰው ወዲያው ካልደገመው ይጠፋበታል አልኳቸው።

ነገሩ የተበላሸው በክረምት ነው። በዚያ ዓመት የተማሪዎቹ የመልቀቂያ ፈተና ውጤት ለመጀመሪያ ጊዜ በማሽኑ እንዲደመር ተወስኖ፣ አቶ ይልማ መስከረም ሳይጠባ አደርሳለሁ ብለው ለበላዮቻቸው ቃል ገብተው ነበር። በነሐሴ መጀመሪያ ጣራው ማፍሰስ ጀመረ። ሣጥኖቹን ከውሃው ሥር በችኮላ ስንገፋ የማስታወሻው በር በግፊያው ቁልፉ ተላቆ ተከፈተና ውስጡ ከመስኮቱ ደፍ ጋር ተጋጨ። ከውስጥ ተደራርበው ከተቀመጡት ሰሌዳዎች የአንዱ፣ በአንደኛው ሩብ ያለው አድማጭ ሽቦ ተበጠሰ።

ሚስተር ራልፍ ሰሌዳውን አውጥቶ አየውና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሰሌዳ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም አለ። አዲሱ እስኪመጣ ሦስት ወር ይፈጃል። አቶ ይልማ ሰሌዳውን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት፤ ከዚያም እኔን ጠሩኝና የሚሠራ ይመስለኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሽቦው መሃል ላይ አይቀጠልም፣ ቋጠሮው በቀለበቷ ቀዳዳ አያልፍም፤ ግን የዚያን ሩብ አድማጭ ሽቦ እንዳለ አውጥቶ በአዲስ መተካት ይቻላል አልኳቸው። በዚያ ሩብ ውስጥ ከሺህ በላይ ቀለበት አለ።

ሚስተር ራልፍ ፊቱ ቀላ። ከኩባንያው ሰው ሌላ እጁን ያስገባበት ማስታወሻ ቢበላሽ ኩባንያው አይጠየቅም፣ ይህንንም በጽሑፍ ፈርሙልኝ አለ። ወረቀቱ ተጻፈና አቶ ይልማ ፈረሙ። ነገሩ ቢከሽፍ መሥሪያ ቤቱ ማሽኑንም ዋስትናውንም ያጣል፣ እሳቸውም ከወንበራቸው ይነሣሉ። ይህን አዳራሹ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። ለብቻችን ስንሆን ምን አምነው እንደፈረሙ ጠየቅኳቸው።

«ወይዘሮ በላይነሽ፣ ኮልፌ መጥቼ ሲጠመጥሙ አይቻለሁ» አሉኝ። ሌላ ምክንያት አልጨመሩም። ከሰው አፍ ከሰማሁት ቃል ሁሉ እሱን ያህል ያኮራኝም ያስፈራኝም የለም።

ከመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ነጭ ጨርቅ አለበስኩት። ማጉያ መነጽር፣ ወረንጦና አዲስ ሽቦ ይዤ ተቀመጥኩ። መርፌ አያስፈልግም፤ የሽቦውን ጫፍ በወረንጦ ሳብ ሳብ ካደረጉት ይጠነክርና ራሱ መርፌ ይሆናል። ከፀሐይ መውጫ እስከ አሥር ሰዓት እሠራለሁ፣ ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ስለሚያታልል አቆማለሁ። አሮጌውን ሽቦ ሳወጣ በየትኛዋ ቀለበት በየት በኩል እንደገባ በካሬ ወረቀት ላይ በእርሳስ እየሣልኩ ነበር።

ሥዕሉን ስጨርስ አንድ ነገር አየሁ። ሽቦው እስከ ረድፉ እኩሌታ በአንድ አቅጣጫ ሲሄድ ቆይቶ መሃል ላይ ይሻገርና ቀሪዎቹን ቀለበቶች በግልባጩ ይገባባቸዋል። እኔ ሽቦ ወደ ኋላ እንደማይመለስ በለቅሶ የተማርኩ ሰው ነኝ። ሰሌዳውን የሰፋችው የውጭ አገር ሴት ሠራተኛ ደክሟት ተሳስታለች፣ ተቆጣጣሪዋም አላያትም ብዬ ደመደምኩ። እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ። በቀይ እርሳስ መስመሩን አቃናሁና አዲሱን ሽቦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ አቅጣጫ አስገባሁት። ለማንም አልተናገርኩም፤ የሰውን ስህተት ማውጣት ነውር መስሎኝ ነው።

በሰባተኛው ቀን ጨረስኩ። ሰሌዳው ተመልሶ ገባና አቶ ይልማ የሙከራ ካርዶቹን አስገቡ። ማሽኑ አተመ። ወረቀቱን አንሥቼ አየሁት። ዜሮ የነበረበትን ሁሉ አንድ ነው ይላል፣ አንዱንም አንዳንዴ ዜሮ ይለዋል። ደግመን ሞከርን፣ ያንኑ ደገመው። ሚስተር ራልፍ እንዳሰብኩት አልተሳለቀም። የሴትዮዋ ሥራ ንጹሕ ነው፣ በግጭቱ ቀለበቶቹ ውስጥ ውስጡን ተሰንጥቀው መሆን አለበት፣ ይህን ማንም አያድነውም አለ። አቶ ይልማ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና በማግሥቱ ረፋድ ላይ ለበላዮቻቸው ሊያመለክቱ እንደሆነ ነገሩን።

ሰፈሬ ስደርስ ጎረቤቴ ጫልቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። ልጇ ከተፈታኞቹ አንዷ ነበረች፤ የዚያን ክረምት በየቀኑ ትጠይቀኝ ነበር። ውጤቱ መቼ ነው ስትለኝ አላውቅም አልኳት። «አንቺ ካላወቅሽ ማን ያውቃል ታዲያ?» አለችኝና ገባች። እህል አልወርድ አለኝ። ቀለበት መሰንጠቁን አላመንኩትም። በማጉያ ከሺህ በላይ ቀለበት አንድ በአንድ አይቻለሁ፣ አንዲት ስንጥቅ አላየሁም። ግን ያቃናሁት መስመርም በሐሳቤ አልመጣም። ትክክል ነው ብዬ የያዝኩትን ነገር የምጠረጥርበት ምክንያት አልነበረኝም።

በማለዳ ሄጄ አንድ ደህና ሰሌዳ እንዲያሳዩኝ ለመንኩ፤ ስንጥቅ ያለውንና የሌለውን ቀለበት ላመዛዝን ፈልጌ ነው። ሚስተር ራልፍ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝና ሻይ ሊጠጣ ሄደ። በማጉያው ጎንበስ አልኩ። አድማጩ ሽቦ እስከ እኩሌታ ሄዶ ይሻገራል፣ ከዚያ በግልባጩ ይገባል። ወደ ሌላው ሩብ አለፍኩ፣ እዚያም ይሻገራል። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። አራት ጊዜ በአንድ ቦታ የሚሳሳት ሠራተኛ የለም።

ማጉያውን አስቀመጥኩ። ሥዕሉ ከነቀዩ መስመር ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ከእኔ በቀር ያየው ሰው የለም። ሚስተር ራልፍ ጥፋቱን ለግጭቱ ሰጥቶታል፣ አቶ ይልማም ተቀብለውታል። ወረቀቱን ቀድጄ ብጥለው በንጹሕ እጅ የሠራች ግን ያልቀናት ሴት ተብዬ እኖራለሁ። ብናገር ደግሞ ያ ሁሉ ዓመት ረዳት ትሁን ያሉኝ ሰዎች ልክ ነበሩ ሊባል ነው፤ የፈረሙልኝንም ሰው አዋርዳለሁ። ይህን ሁሉ አሰብኩ። አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። ሚስተር ራልፍ ከሻይ እስኪመለስ ድረስ አሰብኩ።

አቶ ይልማ ፋይላቸውን ይዘው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ አገኘኋቸውና ወረቀቱን ሰጠኋቸው።

«ቀለበቶቹ ደህና ናቸው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ሽቦው ተገልብጦ ሲያልፍ ስህተት መስሎኝ አቃናሁት። ሌሎቹን ሳላይ አቃናሁት።»

ወረቀቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ሚስተር ራልፍን ጠርተው በእንግሊዝኛ ነገሩት። እሱም ወረቀቱን ተቀብሎ ቁጭ አለና ቀዩን መስመር በጣቱ ተከተለው። ለካስ እሱም የሰሌዳ ውስጥ አካሄድ በዓይኑ አይቶ አያውቅም ኖሯል፤ ሲበላሽ መቀየር ነው የተማረው። ከሣጥኑ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አምጥቶ ሲያገላብጥ ቆየና ነገሩን ለአቶ ይልማ አስረዳ፣ እሳቸውም ለእኔ።

ግማሽ ኃይል የደረሳቸው ቀለበቶች አይገለበጡም፣ ግን ይንቀጠቀጣሉ። ሽቦው ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ ካለፈባቸው የሁሉም መንቀጥቀጥ ይደመርና አድማጩ የእውነቱን ድምፅ ከጫጫታው መለየት ያቅተዋል። ግማሾቹን በግልባጭ ሲያልፍ ግን ጫጫታው እርስ በርሱ ይጣላና ይጠፋል፤ የሚቀረው የአንዷ የተገለበጠች ቀለበት ድምፅ ብቻ ነው። ቦቢናን የሚገድለው ነገር ማስታወሻን ያድናል ማለት ነው። ይህን በገባኝ ቅጽበት እፍረቴን ረሳሁት። ያን ያህል ያማረ ነገር በሽቦ ሲሠራ አይቼ አላውቅም ነበር።

ስንት ቀን ይበቃዎታል አሉኝ አቶ ይልማ። አምስት አልኩ። ሚስተር ራልፍ መልሴ ሲተረጎምለት ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ የራሱን የተሻለ ማጉያ መነጽር ከነመቆሚያው አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አቆመው። አቶ ይልማም ፋይሉን መልሰው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። በሚቀጥሉት ቀናት አንዳቸውም መጥተው በትከሻዬ ላይ አላጎነበሱም። በአምስተኛው ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ጫፉን በየድኩ። ማሽኑ የሙከራውን ወረቀት ሲያትም ዜሮው ዜሮ፣ አንዱም አንድ ነበር። አቶ ይልማ ሦስት ጊዜ አስደገሙት። ሦስተኛው ሲወጣ ሚስተር ራልፍ ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ እኔ ገፋው።

ውጤቱ መስከረም ሳይጠባ ወጣ። የጫልቱ ልጅ በሒሳብ ወደቀች። ጫልቱም ያን ማሽን ምን አስጠገነሽ ብላ አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ፤ ልጅቷ በዓመቱ ተፈትና ስታልፍ ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች።

የማሽኑ መዝገብ ላይ እያንዳንዱ ብልሽት፣ ምክንያቱና የሠራው ሰው ይጻፋል። አቶ ይልማ ምክንያቱን «ግጭት» ብለው ሊሞሉት ብዕር አንሥተው ነበር። መበጠሱ በግጭት ነው፣ ሁለተኛው ብልሽት ግን የእኔ ስለሆነ ለየብቻ ይጻፍ አልኳቸው። የዕድገት ደብዳቤዬን በዚያው ሳምንት ሊጽፉልኝ ነበርና ይህ እንደማይጠቅመኝ ነገሩኝ። ብዕሩን ተቀብዬ እንግሊዝኛ ስለማልችል በአማርኛ ጻፍኩት፦ «በላይነሽ ሌሎቹን ሰሌዳዎች ሳታይ አድማጩን ሽቦ አቃናች። በላይነሽ መለሰችው።» በዚያ መዝገብ ውስጥ ያለ ብቸኛ የአማርኛ መስመር ነው። ሚስተር ራልፍ ምን እንደሚል አስነብቦ ሲያበቃ ከሥሩ ፈረመ።

ቴክኒሻን የሆንኩት ከዚያ ፊርማ በኋላ ነው። የሠራተኛ ክፍሉ ሰርቲፊኬት ሲጠይቅ አቶ ይልማ የላኩት የዚያን ገጽ ግልባጭ ነበር፤ ሹሙም ሌላ ወረቀት አልጠየቁም። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያን ሣጥን ከእኔ እጅ ሌላ የከፈተው የለም።

የሌላ ሰው ሥራ ውስጥ ስህተት ያያችሁ ሲመስላችሁ፣ ከማረማችሁ በፊት ከጎኑ ያለውን ሁለተኛውን ክፈቱና እዩ። እዚያም ካለ ስህተት አይደለም። ሳታዩ አርማችሁ ከሆነ ደግሞ ስማችሁን ጽፋችሁ መልሱት።